ሶስት ጉልቻ ከቱቦላሬ

አንተ ሰው እንዴት ነህ? እማማስ ደህና ናቸው? ሚስትህ፣ ልጆቹ? ስንት ጊዜ ሆነን ባክህ፣ ቴሌግራም ላይ ኦንላይን ስትሆን አይሃለሁ፣ አንተም ታየኛለህ፣ ግን ማንም ማንንም አይነካም። መጀመሪያ ስራ በዛ እያልን ቆየን፣ ከዛ ደሞ ይሄን ያህል ቆይተን አሁን ምን ብለን እንጀምር እያልን ቆየን፣ በቃ እኔ ልጀምረው አልኩ። ብደውል መሀል ላይ ይቆረጥና ሄሎ ሄሎ ስንባባል ነው የምናልቀው፣ ስለዚህ እንደ ድሮ በደብዳቤ ይሁን። ረጅም ነው፣ ሻይህን ይዘህ ቁጭ በል።

የምጽፍልህ የብረት ጉዳይ ስላለኝ ነው። ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ እንደጀመርኩ ሰምተሃል መሰለኝ፣ ካልሰማህ አሁን ስማ። መጀመሪያ ኪችን ውስጥ በትልቅ ድስት ነበር፣ ብቅሉ ምድጃው ላይ እየገነፈለ እንደ ሙጫ ሲደርቅ ባለቤቴ እኔንም ድስቱንም ጋራዥ አስገባችን፣ እውነቷን ነው። ጋራዥ ስገባ ደሞ ነገሩ አደገ፣ አሁን አንዴ የምጠምቀው ወደ 38 ሊትር ነው፣ አሜሪካኖቹ 10 ጋሎን የሚሉት። ህጋዊ ነው ደሞ፣ አትሳቅ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ካርተር በፈረንጆቹ 1978 የፈረመው ህግ ነው የፈቀደው፣ አንድ አዋቂ ብቻውን የሚኖርበት ቤት በዓመት 100 ጋሎን፣ ሁለትና ከዛ በላይ አዋቂ ያለበት ቤት 200 ጋሎን ድረስ ያለ ግብር መጥመቅ ይችላል፣ 200 ጋሎን ማለት 750 ሊትር አካባቢ ነው፣ ማን ይጨርሰዋል። መሸጥ ግን ክልክል ነው፣ እንደ ሰፈራችን ጠላ ቤት በር ላይ ዘንግ ተክለህ ጣሳ መድፋት የለም። አላባማና ሚሲሲፒ ደሞ በየራሳቸው ህግ እስከ 2013 ድረስ ከልክለው ነበር፣ እዚህ ኮሎራዶ ግን ሰው ሁሉ የሚጠምቅ ነው የሚመስለው፣ የቤት ጠማቂዎቹ ማህበር ራሱ የተመሰረተው ቦልደር ነው፣ ከኛ ከአውሮራ ሩቅ አይደለም።

እሺ ወደ ብረቱ። ሶስት በርሜል አለኝ፣ ያው የድራፍት በርሜል፣ አይዝጌ ብረት፣ እያንዳንዱ 59 ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ ክዳኑ ተቆርጦ እንደ ድስት የሆነ። አንዱ ውሃ ማሞቂያ ነው፣ ሁለተኛው የተፈጨው ብቅል በሙቅ ውሃ የሚዘፈዘፍበት፣ ሶስተኛው ማፍያ። ስራው ሁሉ ፈሳሹን ከአንዱ ወደ አንዱ ማሻገር ነው፣ ፈሳሹ ደሞ የፈላ ወይም ሊፈላ ምንም ያልቀረው ነው። እና ጥያቄው በርሜሎቹን ምን ላይ ታስቀምጣቸዋለህ ነው፣ ሰው ስለ ብቅሉና ስለ እርሾው ሌሊቱን ሙሉ ያወራል፣ እኔ ግን ነገሩ ሁሉ ያለው ማስቀመጫው ላይ ነው ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም የፈላ ነገር በእጅህ አንስተህ የምትገለብጥ ከሆነ አንድ ቀን እግርህ ላይ ነው የምትገለብጠው።

የድሮዎቹ የሚሰሩት እንደ ደረጃ ነው፣ ሶስት እርከን፣ ውሃው ላይ፣ ብቅሉ መሀል፣ ማፍያው ታች፣ ሁሉም በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ ሞተር የለ መብራት የለ። ሲያዩት ደስ ይላል። ግን አንተ ሂሳብ ትወዳለህና ደምረው፣ ታችኛው በርሜል ስሩ ባልዲ እንዲገባ ከመሬት 50 ሴንቲ ይነሳል፣ በርሜሉ ራሱ 60 ሴንቲ ነው፣ በዛ ላይ ሁለተኛው፣ በዛ ላይ ሶስተኛው፣ የላይኛው አፉ 2 ሜትር ከ30 ይደርሳል። 80 ዲግሪ የሞቀ 50 ሊትር ውሃ ከአናትህ በላይ፣ ቴርሞሜትሩን ለማየት መሰላል፣ ብቅሉን ለማማሰልም መሰላል። ልጆች ያሉበት ቤት ውስጥ ይሄን አላደርገውም አልኩ።

ስለዚህ አንድ እርከን አደረግኩት፣ ሶስቱም ጎን ለጎን፣ ርዝመቱ 1 ሜትር ከ50፣ ወርዱ 50 ሴንቲ፣ በርሜሎቹ ከመሬት 55 ሴንቲ ላይ ይቀመጣሉ፣ አፋቸው ደረቴ ጋ ነው የሚደርሰው፣ ቆሜ አማስላለሁ። ፈሳሹን የምታሻግረው ትንሽ ፓምፕ ናት፣ ሙቀት የምትችል፣ ለምግብ የተፈቀደች፣ ሞተሯና ውሃ የሚገፋው ክፍል በማግኔት ነው የሚያያዙት እንጂ አይነካኩም። አንድ ጠባይ አላት፣ ራሷ ስባ አትጠጣም፣ ስለዚህ ከበርሜሎቹ በታች መቀመጥ አለባት ውሃው ወርዶ እንዲሞላት፣ ፍሰቱንም ስትቀንስ ከመውጫዋ በኩል ባለው ቫልቭ ነው እንጂ ከመግቢያው አይደለም፣ ከመግቢያው ካነቅካት አየር ትይዝና ዝም ብላ ትጮሃለች። ላይዋ ላይ ከላሜራ ትንሽ ጣሪያ ሰራሁላት፣ ከላይ የሚንጠባጠብ አይጠፋማ፣ ሶኬቱም ውሃ ነክቶት መብራት ከሾለከ ወዲያው ራሱ የሚቆርጠው ዓይነት ነው።

ፍሬሙ የተሰራበት ቱቦላሬ፣ ያው አራት ማዕዘኑ የብረት ቱቦ፣ 50 በ50 ሚሊ ነው፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ፣ አውቃለሁ በዛ ትለኛለህ፣ ግን ሁሉም ሞልቶ ከነፍሬሙ 200 ኪሎ ያልፋል፣ ከስሩ ደሞ እሳት አለ፣ ብረት ሲግል አቅሙን ያጣል። ሰፈር ውስጥ አንድ ሰው የተረፈውን ጋልቫናይዝድ፣ ዚንክ የተለበጠውን ብረት፣ በነጻ ውሰድ ብሎኝ ነበር፣ ያኔ ነው አንተ ትዝ ያልከኝ፣ ያን የጋልቫናይዝድ በር በይደህ ማታ ብርድ ብርድ ብሎህ ወባ ነው ብለን ስንሯሯጥ፣ የዚንኩ ጭስ መሆኑን የነገረን ሰውዬ ወተት ጠጣ ምናምን ሲልህ። በነጻም አልፈልግም ብዬ ጥቁሩን ብረት ገዛሁ። ብየዳው በሚግ ነው፣ ሽቦው ራሱ እየወጣ ስለሚመጣ ኤሌክትሮድ መቀያየር የለም፣ ትንቀዋለህ አውቃለሁ፣ የተማርኩት ግን ካንተ ነው፣ መጀመሪያ ነጥብ ነጥብ፣ ከዛ ማዕዘኑን በስኳድራ ማየት፣ ከዛ በሰያፍ እየዘለሉ መጨረስ፣ አንዱን ጎን ባንዴ ከጨረስከው ይስበውና ይጣመማል። ስበይድ ድምፅህ ይሰማኝ ነበር፣ ቀስ በል፣ እጅህ አይንቀጥቀጥ እያልክ።

ቀለሙ ለባርቤኪው ምድጃ የሚሸጠው ሙቀት የሚችለው ነው። ከእግሮቹ ስር ያሉት ጎማዎች ፍሬን አላቸው፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ አራት እግር ያለው ነገር ወለሉ ትንሽ እንኳ ካልተስተካከለ ሸክሙን የሚችሉት ሶስቱ ናቸው አንዱ ተንጠልጥሎ፣ ስለዚህ ጎማ ስትገዛ ክብደቱን ለአራት ሳይሆን ለሶስት ነው የምታካፍለው። የኛ እናቶች ጉልቻን ሶስት ያደረጉት ለዚህ ነው መሰለኝ፣ በሶስት ላይ የተቀመጠ አይንገዳገድም። ጎማ ያስፈለገኝ እሳቱን ስለኩስ ወደ ውጭ ገፍቼ ለማውጣት ነው። በሩ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ፕሮፔን ማንደድ ማለት የከሰል ምድጃ መኝታ ቤት እንደማስገባት ነው፣ እዛ ሰፈራችን ያ ስንቱን እንደወሰደ አንተ ታውቃለህ።

እሳቱ ላይ ብዙ አልቆይም። ከነበልባሉ አፍ እስከ በርሜሉ ቂጥ 10 ሴንቲ አካባቢ ተውኩ፣ ሰማያዊ ሲሆን ጥሩ ነው፣ ቢጫ ሆኖ ጥላሸት ከቀባ አየር አንሶታል ማለት ነው። እዚህ ንፋሱ መከራ ነው፣ በሶስት ጎን ላሜራ ከለልኩት፣ አራተኛውን ክፍት ተውኩት አየር እንዲገባ፣ ሲሊንደሩም በዛ በኩል ሳይሆን ከኋላ ራቅ ብሎ ነው የሚቆመው። ውሃ እዚህ 95 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፣ አገሩ ከፍታ አይደል፣ አዲስ አበባ ደሞ ከዚህም ወረድ ብሎ 92 ገደማ ላይ ነው፣ እና የሆፕሱ፣ ቢራውን የሚያመርረው አበባ፣ ምሬት ከባህር ጠለል እንዳለው ሰው እኩል አይወጣም፣ ትንሽ ጨመር አደርጋለሁ።

የመጥመቂያው ቀን እንዲህ ነው፣ ከ9 እስከ 10 ኪሎ የተፈጨ ገብስ ብቅል 66 ወይ 67 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ይዘፈዘፋል፣ ያኔ ስታርቹ ወደ ስኳር ይለወጣል፣ ከዛ በ76 ዲግሪ ውሃ አጥበህ ታወርደዋለህ፣ አንድ ሰዓት ታፈላለህ ሆፕሱን እየጨመርክ፣ ከዛ 15 ሜትር የመዳብ ቱቦ ተጠምጥሞ ውስጡ ገብቶ ቀዝቃዛ ውሃ እየዞረበት ቶሎ ወደ 20 ዲግሪ ይወርዳል፣ እርሾ ይጨመራል፣ አለቀ። አተላውን ጎረቤቴ ለዶሮዎቹ ይወስዳል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ቫልቭ መክፈትና የፓምፑን ቱቦ ማዞር ነው እንጂ ትኩስ ነገር ከመሬት አንስቼ አልሸከምም፣ ማታ ወገቤን ይዤ አልተኛም። አንዴ ደሞ በሆፕስ ፋንታ ከሀበሻ ሱቅ ጌሾ ገዝቼ ሞከርኩ፣ ሀበሾቹ ጠላ ነው አሉ፣ ፈረንጆቹ ቢራ አይደለም አሉ፣ እኔ ወደድኩት።

እና ወደ እማማ ልምጣ። ባለፈው ስናወራ፣ መቼ እንደነበር እንጃ፣ ለማህበሩ ጠላ ሲጠምቁ ወገባቸው እየያዛቸው ነው ብለኸኝ ነበር፣ ከዛ ወዲህ በርሜሎቼን ባየሁ ቁጥር እሱ ነው ትዝ የሚለኝ። ጠላ እንደ ቢራ እሳት ላይ ተጥዶ አይፈላም፣ ስለዚህ ያንተ ማስቀመጫ እሳት አያስፈልገውም፣ ፓምፕም አያስፈልገውም፣ እንኩሮውና ቂጣው እንደለመዱት በምጣዳቸው ይሁን፣ እዛ ውስጥ እኔና አንተ እጃችንን አናስገባ። ችግሩ ድፍድፉ ላይ ነው፣ በከባዱ ላይ ማጎንበስ፣ ጨልፎ ማጥለል፣ ጋኑን አዘንብሎ ማጠብ። ጋኑን አስቀሩ ብትላቸው ይገሉሃል፣ ወይራ ያልታጠነ ጋን ጠላ አይወጣውም ይሉሃል፣ ልክም ናቸው። ግን ለማህበር ሲሆን በፕላስቲክ በርሜልም ይጠምቃሉ አይደል፣ ለሱ ነው የምልህ። 60 ሴንቲ ከፍታ፣ ሶስት እግር፣ 40 በ40 ቱቦላሬ ይበቃል፣ ላዩ ላይ በርሜሉ ትንሽ ወደ ፊት ያዘነበለ፣ ከስሩ ሳይሆን ከስሩ አራት ጣት ከፍ ብሎ አንድ ቫልቭ፣ አተላው ታች እንዲቀር። ቫልቩ ግን ነሃስ እንዳይሆን፣ ጠላ ጎምዛዛ ነው፣ አይዝጌ ይሁን። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ብለው እንደሚስቁብህ አውቃለሁ፣ ሳቁን ችለህ ስራው።

ቫልቩን ከውስጡ ወንፊት ጋር እኔ እልካለሁ፣ ለገና የሚመጣ ሰው አለ፣ ሻንጣው ላይ ቦታ ይዤለታለሁ። አንተ የበርሜሉን የግድግዳ ውፍረትና የአፉን ስፋት በሴንቲ ሜትር ለካና ጻፍልኝ፣ ፎቶም አንሳ፣ እማማ እጃቸው የሚገባ መሆኑንም እይ ለማጠብ። ቴሌግራም ላይ ጻፈው፣ ኦንላይን ነኝ።