መኪናዬ ከቤት ወጥታ አታውቅም

አቡ ዳቢ፣ ሐምሌ 2000 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ገንዘቡን በእታለም ስም ልኬአለሁ፤ የማዳበሪያው ዕዳ ይከፈልበትና የተረፈው ለእርስዎ መድኃኒት ይሁን። ለበግ መግዣ እንዳይሆን አደራ።

አባባ፣ ዛሬ የምጽፍልዎ ሳልነግርዎ የቆየሁትን ነገር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ «ሾፌር ነኝ» ስልዎት እርስዎም ለጎረቤቱ ሁሉ አውርተዋል። እንዲያውም ለቅሶ ቤት «የሼኹን መኪና ነው የሚነዳው» ብለዋል አሉ። ሾፌርነቴ ውሸት አይደለም። ነገር ግን የምነዳት መኪና አንድም ቀን ከቤት ወጥታ አታውቅም። ሥራዋ በአንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ፣ በበረዶ ላይ፣ ዙሪያውን መዞር ነው። አንድ የሀገራችን ልጅ ባለፈው ወር በላይዋ ተቀምጬ ፎቶግራፍ አንስቶኝ ወደ ሀገር ልኮታል፤ ከእኔ ቀድሞ እንዳይደርስ ብዬ ነው የቸኮልኩት።

«በረሃ ውስጥ በረዶ ከየት መጣ?» እንደሚሉ አውቃለሁ። ውጭ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፤ የመኪና በር በባዶ እጅ አይያዝም። አዳራሹ ውስጥ ግን ከወለሉ ሥር ቱቦ እንደ ሥር ተዘርግቷል፤ በቱቦው ከበረዶ የባሰ የቀዘቀዘ ፈሳሽ ይዘዋወርበታል። በወለሉ ላይ ውሃው በስሱ እየተደራረበ ይፈስስና ይጋገራል። ውፍረቱ ሁለት ጣት ቢሆን ነው፤ ሜዳው ግን 60 ሜትር በ30 ነው። ውርጭ ገብሳችንን በአንድ ሌሊት በፈጀው ዓመት ከቤት የወጣሁ ልጅዎ፣ ዛሬ ውርጩ እንዳያመልጥ ስጠብቅ ነው የምውለው። ይሳቁ፣ እኔም ስቄአለሁ።

መኪናዬ ከሆዷ ሥር ምላጭ አላት፤ በተጫዋቾች ጫማ የተጫረውን በረዶ እየላጨች ትበላለች። ከኋላዋ ደግሞ ርጥብ ጨርቅ እየጎተተች ትኩስ ውሃ ታለብሰዋለች። አዎ፣ ትኩስ! መጀመሪያ ያሳየኝን ሰው «ልታቀልጠው ነው እንዴ?» ብዬው ነበር። ትኩሱ ውሃ የላይኛውን ጭረት ጥቂት ያሟሟውና ከሥረኛው ጋር ተዋህዶ ይረጋል፤ ቀዝቃዛ ቢሆን በላዩ ላይ እንደ ቅርፊት ብቻ ይቀመጣል። ከዞርኩበት በኋላ ሜዳው እንደ መስተዋት ሲያበራ ቢያዩት «ይህንስ የእኔ ልጅ አልሠራውም» ይላሉ።

ጨዋታውን ለማስረዳት አልቸገርም፤ «አይስ ሆኪ» ይሉታል እንጂ የእኛው የገና ጨዋታ ነው። ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይዘው ሩር ይመታሉ። ሩሯ ግን ድቡልቡል አይደለችም፤ እንደ አነስተኛ ቂጣ ጠፍጣፋ ናት፤ ከጥቁር ጎማ የተሠራች፣ ክብደቷ 170 ግራም ያህል። እንዳትነጥር ከጨዋታው በፊት ማቀዝቀዣ ውስጥ ታድራለች። ከየወገኑ ስድስት ሰው፣ በረኛውን ጨምሮ፣ ከሥሩ ምላጭ የተገጠመበት ጫማ አድርጎ ይንሸራተታል። ጨዋታው ሦስት ጊዜ 20 ደቂቃ ነው። ፍጥነቱ ስለሚያደክም አንድ ተጫዋች አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ወጥቶ ሌላው ይተካዋል። ከእኛ የሚለየው «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባል ነገር አለመኖሩ ነው። ሰው በዱላ የጎነተለ ሁሉ፣ ጌታም ይሁን ሎሌ፣ በጠባብ ሳጥን ውስጥ ሁለት ደቂቃ ይታሰራል፤ ወገኖቹም በጎደለ ሰው ይጫወታሉ። እኛ ሜዳ ላይ ይህ ሕግ ቢኖር ኖሮ አጎቴ ጨዋታውን ሁሉ ታስረው ነበር የሚጨርሱት።

ባለፈው ሰኔ እዚህ አቡ ዳቢ የመጀመሪያው የዓረብ ዋንጫ በዚህ ጨዋታ ተደረገ። የመጡት አራት ሀገሮች ናቸው፤ ባለቤቷ ኤምሬትስ፣ ኩዌት፣ ሞሮኮና አልጄሪያ። ከመጀመሩ በፊት በአንድ ልምምድ ማታ የሆነውን ልንገርዎ። አንድ ሠራተኛ የውጭውን ትልቅ በር ለዕቃ ማስገቢያ ከፍቶ ረሳው። የባሕሩ እርጥበት ያዘለው ትኩስ አየር ገብቶ ከበረዶው ጋር ሲገናኝ ሜዳው ጉም ለበሰ፤ ልክ የጣርማ በር ጉም! የተጫዋቾቹ ጭንቅላት ብቻ ከላይ ይታያል፣ ሩሯም ጠፋች። ሁሉም ይጯጯኻል፤ እኔ ግን ቆሜ ሸተተኝ። ጉም ይሸታል ብል ያምኑኛል? ከዚያ ተጫዋቾቹ ዙሪያውን እየተንሸራተቱ አየሩን ሲያናውጡት ቀስ በቀስ ተገፈፈ።

ከእንግዶቹ ልቤን የወሰዱት የአልጄሪያና የሞሮኮ ልጆች ናቸው። ብዙዎቹ ኑሯቸው ፈረንሳይና ሌላ ብርድ ሀገር ነው፤ በመተላለፊያው የሚያወሩትም በፈረንሳይኛ ነበር። በደረታቸው ላይ ግን የአባታቸው ሀገር ስም አለ። አንዱ ጫማውን እያሰረ ስሙን በጣቱ ሲዳብስ አይቼዋለሁ፤ አቧራ ይሁን ሌላ፣ እንጃ።

ለዋንጫው ኤምሬትስና ኩዌት ገጠሙ። ነጭ ቀሚስ የለበሱት አረቦች ቡና ቤት እንዳለ ሰው ዘና ብለው ገብተው፣ ጨዋታው ሲሟሟቅ ግን በሜዳው ዙሪያ የቆመውን መስተዋት በጥፊ ይደበድቡ ጀመር። በየዕረፍቱ የምገባው እኔ ነኝ። እጄ መንቀጥቀጡን አልደብቅዎትም፤ ምላጩን አንድ ጣት ያህል አብልጬ ባወርደው ሜዳው እንደ ታረሰ መሬት ፈር ያወጣል። ደግነቱ ቀጥ ያለ ፈር ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። መስመር ሳልስት ጨርሼ ስወጣ ሕፃናቱ ሁሉ እጃቸውን አውለበለቡልኝ። ዋንጫውን ኤምሬትስ ወሰደች፤ ኩዌት ሁለተኛ፣ ሞሮኮ ሦስተኛ ሆኑ።

ለብርዱ አያስቡ። እናቴ የፈተለችውን ባና መቀመጫው ላይ አጥፌ አነጥፈዋለሁ። በዚህ ሙቀት ባና ተሸክሜ አውቶቡስ ስጠብቅ ሰው ዞር ብሎ ያየኛል፤ ይየኝ።

ወደ ሀገር በሚገባ ሰው እጅ አንዲት ያገለገለች ሩር ልኬልዎታለሁ። ጎማ ናት፤ ልጆቹ ነክሰው እንዳይጫወቱባት። በመዳፍዎ መዝነው ከወይራው ሩር ትበልጥ እንደሆነ ይንገሩኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፤ እኔም የእኔን ስለ ተናዘዝኩ። ያ የተጣመመው የግራ እጅዎ ትንሽ ጣት፣ ለእኛ ሁልጊዜ በቅሎ ረግጣው ነው ሲሉን ኖረዋል። አጎቴ ደግሞ በገና ዱላ የሰበሩት እሳቸው እንደሆኑ፣ ያውም ከግቡ ፊት እንደ ነበር፣ ምለው ነግረውኛል። እታለም፣ እሺ ቢሉም እንቢ ቢሉም የሚሉትን ቃል በቃል ጻፊልኝ።

ልጅዎ