ዘጠኙን ፊደል ብቻ አትላክልኝ

ጅማ፣ ነሐሴ 12 ቀን

ይድረስ ለወንድማለም፣

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡስ እንዴት ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ስንት ክረምት እንደጠፋሁብህ አትቁጠርብኝ፤ ስትመጣ በቡና እክስሃለሁ። እዚህ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ይመጣና መብራቱን ይዞት ይሄዳል። ዛሬም ወስዶታል፤ እንግዲህ የቆየ ዕዳዬን ልክፈል።

ዕዳው ያ ጥያቄህ ነው። ተማሪዎችህ ከቫይረስ ፕሮቲን ዘጠኝ ዘጠኝ አሚኖ አሲድ (ፊደል የምንላቸውን) እያወጡ፣ ከኤችኤልኤ ጋር፣ ማለትም የፕሮቲን ቁራጭን ህዋሱ ላይ ይዞ ለበሽታ ተከላካዩ ቲ ህዋስ ከሚያሳየው መቀመጫ ጋር፣ በደንብ ይጣበቃሉ ብሎ የኮምፒውተር ፕሮግራም የተነበየላቸውን መርጠው ነበር። ከተመረጡት ብዙዎቹ ህዋሱ ላይ የማይታዩት ለምንድን ነው ብለኸኝ ነበር። ፕሮግራሙ የመለሰው፣ ቁራጩ መቀመጫው ላይ ይመቸዋል ወይ የሚለውን ነው። ከፕሮቲኑ ተቆርጦ ይወጣል ወይ፣ ከወጣስ ሳይበላ ይቆያል ወይ ተብሎ አልተጠየቀም፤ አልመለሰምም።

ለጨዋታችን እንዲመች የቁራጩን (የፔፕታይዱን) መነሻ ጫፍ፣ ኤን ተርሚናሉን፣ ራስ፤ መጨረሻውን፣ ሲ ተርሚናሉን፣ ጅራት ልበለው። ጅራቱን የሚወስነው በአብዛኛው የህዋሱ ፕሮቲን ቆራጭ፣ ፕሮቲያሶም፣ ነው። 28 ንዑስ ክፍሎች በአራት ቀለበት ተደራርበው የሠሩት በርሜል ነው፤ ቢላዋዎቹ ሆዱ ውስጥ ናቸው። የበሽታ መከላከያ መልእክተኛው ኢንተርፌሮን ጋማ ሲመጣ ሦስቱ የቢላዋ ዓይነቶች በሌሎች ይተኩና ውሃ የሚሸሹ ጅራቶች ይበዛሉ። ጅራቱ አንዴ ከተሳሳተ የሚያርመው የለም ማለት ይቻላል። ከበርሜሉ ከሚወጣው አብዛኛው ለመቀመጫው አጭር ነው፤ የሳይቶሶል (የህዋሱ ውስጥ ፈሳሽ) ኢንዛይሞች ደግሞ ያገኙትን በሰከንዶች ውስጥ ይፈጩታል። ያመለጠውን ታፕ የተባለው በረኛ ቁራጩ ኤችኤልኤ ላይ ወደሚጫንበት የህዋስ ክፍል፣ ወደ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም፣ ያሳልፈዋል። የሚወደው ከ8 እስከ 16 አሚኖ አሲድ ያለውን ስለሆነ፣ ብዙው ሲገባ ጅራቱ ልክ፣ ራሱ ግን ረጅም ነው።

ራሱን የሚያስተካክለው እዚያው ያለው ኢንዛይም፣ ኢራፕ-1፣ ነው። ሥራው የታወቀው በ2002 ሲሆን፣ በአሜሪካ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲው የኒላብ ሻስትሪ ቡድን በአይጥ ላይ ያገኘውን ኢራአፕ ብሎ ሰይሞት ነበር። የሚሠራበት መንገድ በእውነት ደስ ይላል። መንገድ ዳር ሸንኮራ የሚሸጠውን ልጅ አስበው፤ አገዳውን በአንድ እጁ ጫፉ ላይ ይዞ በሌላው በኩል አንጓ በአንጓ ይቆርጣል። ኢራፕ-1ም ጅራቱን አንድ ጉድጓድ ውስጥ ይይዛል፣ ዚንክ የያዘው ቢላዋ ደግሞ ራቅ ብሎ ተቀምጧል። ልኩን የሚሰጠው በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ነው። ከ10 እስከ 16 የሚሆን ፔፕታይድ ሲገባ ራሱ ቢላዋው ዘንድ ይደርሳል፤ 8 ወይም 9 ሲቀረው ግን አይደርስምና ቆረጣው ይቀዘቅዛል። ይቀዘቅዛል እንጂ አይቆምም! 9 ሆኖ መቀመጥ የነበረበት 8 ሆኖ ከወደቀ መቀመጫውን አጣ ማለት ነው። ከተማሪዎችህ ቁራጮች አንዳንዶቹ የጠፉት ሳይሠሩ ቀርተው ሳይሆን ከተሠሩ በኋላ ከልክ በላይ ተከርክመው ይመስለኛል። ኢራፕ-1 ሠሪም አጥፊም ነው፤ መጻሕፍቱ ሠሪነቱን ያጎሉታል፣ እኔ ግን አጥፊነቱን እኩል እፈራለሁ።

ሁሉንም ፊደል እኩል አይቆርጥም። ሉሲንና ሜቲዮኒን ራስ ላይ ሲመጡ ይፈጥናል። ከፕሮሊን በፊት ያለውን ማያያዣ ግን አይነካም። ይህን ከኤችኤልኤ ዓይነቶች አንዱ ከሆነው ቢ7 ጋር አያይዘው፦ ቢ7 ሁለተኛው ቦታ ላይ ፕሮሊን ይፈልጋል፣ ታፕ ደግሞ እዚያው ቦታ ላይ ፕሮሊን ያለውን ማስገባት አይወድም። ታዲያ እንዴት ይደርሳል? ረዝሞ ይገባል፣ ኢራፕ-1 ከራሱ እየቆረጠ ይመጣል፣ ፕሮሊኑ ሁለተኛ ሲሆን ቢላዋው ይቆማል፤ የቀረው ልክ ቢ7 የሚፈልገው ነው።

ክፍል ውስጥ ልታሳየው ብትፈልግ የእንቁላሉን ኦቫልቡሚን ተጠቀም። ከ257ኛው እስከ 264ኛው ቦታ ያለው፣ ሲንፌክል የተባለው ቁራጭ፣ ስምንት አሚኖ አሲድ ነው፦ ሰሪን፣ ኢሶሉሲን፣ ኢሶሉሲን፣ አስፓራጂን፣ ፌኒልአላኒን፣ ግሉታሜት፣ ላይሲን፣ ሉሲን። ከፊቱ በፕሮቲኑ ውስጥ ያሉት አምስቱ ሉሲን፣ ግሉታሜት፣ ግሉታሚን፣ ሉሲን፣ ግሉታሜት ናቸው። 13ቱን አንድ ላይ አሠርተህ፣ 50 ማይክሮሞላር አድርገህ ፒኤች 7.5 በሆነ በፈር ውስጥ በናኖሞላር መጠን ካለ ኢራፕ-1 ጋር በ37 ዲግሪ አቆየው። በ0፣ 5፣ 15፣ 30 እና 60 ደቂቃ ትንሽ ትንሽ እየቀዳህ በትራይፍሎሮአሴቲክ አሲድ አቁመውና ቁራጮቹን በሚለየው ሲ18 ኮለም አሳልፈህ በ214 ናኖሜትር አንብበው። 13፣ 12፣ 11 እያለ ሲወርድ ታየዋለህ፣ ስምንቱ ላይ ሲደርስ ይከማቻል። በፈሩ ውስጥ ኢዲቲኤ እንዳይኖር አደራ፤ ዚንኩን ይነጥቀውና ኢንዛይሙ የሞተ ይመስልሃል።

ርካሹን ሉሲን-ኤኤምሲ (ሲቆረጥ የሚያበራ ቀለም የተያያዘበት አንድ ሉሲን) ተጠቅመን በፍሎረሰንስ እናንብብ ካሉህ፣ ኢንዛይሙ በሕይወት መኖሩን ለማወቅ ይበቃል። ስለ ርዝመት ግን ምንም አይነግርህም፤ በጣም ትንሽ ስለሆነ ጅራት የሚያዝበት ጉድጓድ ላይ አይደርስም። እንዲያውም እዚያ ጉድጓድ ውስጥ የሚቀመጥ መድኃኒት የሉሲን-ኤኤምሲን ቆረጣ አፋጥኖ የረጅሙን ፔፕታይድ ቆረጣ ሊያግድ ይችላል። በዚህ ብቻ ተማምኖ አጋጅ መድኃኒት የሚመርጥ ሰው የተገላቢጦሽ ውጤት ይዞ ይቀራል።

ሌላው ወጥመድ ይብሳል። ሰው ሠራሽ ዘጠኝ ፊደል ህዋስ ላይ አፍስሰህ ቲ ህዋሱ ቢነቃ፣ ፔፕታይዱ በተፈጥሮ እንደሚቀርብ አላረጋገጥክም። በቀጥታ ላዩ ላይ ያለው ኤችኤልኤ ውስጥ ገብቷል፤ ፕሮቲያሶሙንም፣ ታፑንም፣ ኢራፑንም ዘሎ። ረጅሙን ብታፈስም ያው ነው፣ ሴረም ውስጥ ያሉ ፔፕቲዴዞች ውጭ ከርክመውት ህዋሱ የከረከመው ያስመስሉታል። ሴረም በሌለው ሚዲያ ድገመው፤ አስቀድሞ በፎርማሊን የተጠበቀ ህዋስም ማነጻጸሪያ አድርግ። ሞቶ ቆሞ ያለ ህዋስ "ካቀረበ" ሥራው የተሠራው ውጭ ነው። ትክክለኛው ፈተና ጂኑን ህዋሱ ውስጥ አስገብቶ ከውስጥ እንዲመረት ማድረግ ነው።

ከሰው ሰውም ይለያያል። ከአራት ሰው አንዱ ያህል የኢራፕ-1 ወንድም የሆነውን ኢራፕ-2ን ጨርሶ አያመርትም፤ አርጊኒንና ላይሲን ራስ ላይ ያሉትን መቁረጥ የሚቀናው እሱ ነበር። የኢራፕ-1 528ኛው አሚኖ አሲድ ላይሲን ሲሆን ቆረጣው ይፈጥናል፣ አርጊኒን ሲሆን ይዘገያል። ይህ ልዩነት የጀርባ አጥንትን ከሚያጣብቀው አንኪሎዚንግ ስፖንዲላይተስ ጋር ይያያዛል፤ ግን በተለይ ኤችኤልኤ ቢ27 ባላቸው ሰዎች ላይ ነው። በ2011 ይህ ሲታይ ብዙ ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ፦ ቆራጩና መቀመጫው ለየብቻ አይታዩም።

እንግዲህ የተማሪዎችህን ዝርዝር ስትልክልኝ ዘጠኙን ፊደል ብቻ አትላክ። በፕሮቲኑ ውስጥ ከፊት ያሉትን አምስት፣ ከኋላ ያሉትን ሦስት ጨምርበት፤ የቲ ህዋሱ ለጋሽ የኤችኤልኤ ዓይነትም ይኑርበት። ሲስቴይን ያለባቸውን ለይተህ ምልክት አድርግባቸው፣ ቱቦ ውስጥ እየተጣመሩ ያታልላሉ።

ለእማማ ሰላምታዬን አድርስልኝ። መብራቱ መጣ።

ያንተው፣
ከጅማ