ከባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ላለው ወዳጄ

ይድረስ ለማልረሳህ ወንድምዓለሜ፤

ከተለያየን ጀምሮ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እማማስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስልኩም መንገዱም ሲቋረጥ ሲቀጠል ስንት ጊዜ ሆነን፤ መልእክትህ በሰው ስትደርሰኝ ዓይኔ በራ። «መንገዱ ሰላም ውሎ ማደር ሲጀምር ከባሕር ዳር ማርቆስ የሳይክል ውድድር ብናዘጋጅ ምን ያስፈልገናል?» ብለሃል። ቁም ነገር ስለሆነ ሳላሳጥር እመልስልሃለሁ።

ይህን ያሰብክ የመጀመሪያው ሰው አይደለህም። አንደኛው የዓለም ጦርነት በፈረንጆች ኖቬምበር 1918 ቆመ። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ ኤፕሪል 28 ቀን 1919፣ ለ ፔቲ ዡርናል የተባለ የፓሪስ ጋዜጣ 87 ብስክሌተኞችን ከፈረንሳይዋ ከተማ ከስትራስቡርግ ለውድድር አስነሣ። በሉክሰምበርግ፣ በብራሰልስ፣ በአሚየን፣ በፓሪስ አድርጎ ወደ ስትራስቡርግ የሚመለስ፣ በ7 ምዕራፍ፣ ማለትም በ7 የጉዞ ክፍል የተከፈለ፣ ወደ 2,000 ኪሎ ሜትር ጉዞ ነበር። መንገዱ የጦር ሜዳው ራሱ ነው። ከብራሰልስ አሚየን ያለው 323 ኪሎ ሜትር ከባድ ውጊያ በተደረገባቸው በቤልጂጓ ኢፕርና በፈረንሳዩ ሶም ሜዳ ያልፋል፤ ዛፉ ተቆርጦ፣ ቤቱ ፈርሶ፣ የመድፍ ጉድጓዱ ጭቃ ሞልቶ፣ በዚያ ላይ ዝናብና ነፋስ። አንደኛ የገባው ቻርል ዴርውተር 18 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ፈጀበት። አካፍለው፤ በሰዓት 17 ኪሎ ሜትር ተኩል ብቻ ነው፣ ያውም የአሸናፊው። ከኋላው የነበሩት ብዙዎቹ በማግስቱ ነው የደረሱት። ስትራስቡርግ የተመለሱት 21 ናቸው።

ጉልበት አጥተው አይደለም። መንገዱ ነው የጣላቸው፤ ካርታ ላይ 323 ኪሎ ሜትር ከጦርነት በፊትም በኋላም ያው 323 ነው። አንተ በሰዓት ለካ። ከሁሉ ደካማው ተወዳዳሪ በሚነዳው ሳይክል አንድ ሰው መንገዱን አስቀድሞ ይሂድበትና የፈጀበትን ሰዓት ይጻፍ። ጠዋት 1 ሰዓት ተነሥቶ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት የማይገባ ካለ ምዕራፉ ረዝሟልና አሳጥረው። በእኔ ግምት ሦስት ቀን ይበቃል፦ ከባሕር ዳር ዳንግላ ወደ 80፣ ከዳንግላ በእንጅባራና በቡሬ ፍኖተ ሰላም ወደ 100፣ ከዚያ በደምበጫና በአማኑኤል ማርቆስ ወደ 85 ኪሎ ሜትር። መካከለኛው ቀን ይከብዳል፤ እንጅባራ ከባሕር ዳር ወደ 700 ሜትር ከፍ ይላል። ጊዜው ከጥምቀት በኋላ ይሁን፤ ዝናብ የለም፣ አዝመራውም ገብቷል። የየከተማውን የገበያ ቀን ግን ሳትጠይቅ ቀን አትቁረጥ፤ አህያና በግ በሞላበት መንገድ ውድድር የለም።

ወደ ደጀንና ወደ ዓባይ በረሃ ለመጀመሪያው ዓመት አትውረድ። ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ሳይክል ላይ ሳትለቅ ከያዝከው ቸርኬው ይግላል፣ የልጣፉ ማስቲሽ ይለሰልሳል፣ ከመነዳሪው ይፈነዳል። ጥብቅ አድርጎ ይዞ መልቀቅ፣ እንደገና ይዞ መልቀቅ ነው መፍትሔው፤ ይህን ደግሞ ልጆቹ በአጭር ቁልቁለት ይልመዱት።

አሁን ወደ ሳይክሎቹ ልምጣ። በዚያው በ1919 ቱር ደ ፍራንስ የተባለው የፈረንሳይ ዙር የብስክሌት ውድድር የተጀመረው ከጀርመን ጋር ሰላም የተደረገበት የቬርሳይ ውል በተፈረመ በማግስቱ፣ ጁን 29 ነው። 67 ተነሥተው ውጤት የተመዘገበላቸው 10 ብቻ ናቸው። የብስክሌት ፋብሪካዎቹ በጦርነቱ ተራቁተው ስለነበር ለየብቻ ቡድን ማቆም አቅቷቸው ላ ስፖርቲቭ በሚል አንድ ስም ተባበሩ። የእናንተም እንዲሁ ይሁን፤ ሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ጎማ ይጠቀም። አለዚያ የአንዱ ጎማ ለሌላው አይሆንም። ሁለት ዓይነት ጎማ አለ፤ በሱቅ ሁለቱም «26» ይባላሉ፤ አንዱ ጎኑ ላይ 559፣ ሌላው 590 የሚል ቁጥር አለው፤ የአንዱ ጎማ በሌላው ቸርኬ ላይ በጭራሽ አይገባም።

በዚያ ቱር ኤዤን ክሪስቶፍ የተባለ ፈረንሳዊ ሲመራ ቆይቶ ሊያልቅ ሁለት ምዕራፍ ሲቀረው፣ ከሜትዝ ደንከርክ በሚወስደው 468 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ቫለንሲየን አጠገብ የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ተሰበረ። ሕጉ ተወዳዳሪው ያለማንም እርዳታ ራሱ እንዲጠግን ያስገድድ ነበር። እሱ እሳት ላይ ብረቱን ሲያያይዝ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠፋበት፤ ድሉ ፊርማን ላምቦ ለተባለ ቤልጂጋዊ ሆነ። በ1913 እንዲሁ ቱርማሌ ተራራ ላይ ሹካው ተሰብሮበት ነበር። አንተ እንዲህ ያለ ሕግ አታውጣ። በየ25 ኪሎ ሜትሩ አንድ ጎሚስታ አስቀምጥ፣ ሰዓቱ ለሁሉም እኩል ይቆጠር። ከመነሻው በፊት ደግሞ የእያንዳንዱን ሹካ በጨርቅ ጠርገህ፣ ከላይ ሁለቱ እግሮች ከዘንጉ የሚገናኙበትን በባትሪ ብርሃን እይ። ፀጉር የሚያህል መስመር ካየህ፣ ወይም ቀለሙ እዚያች ቦታ ብቻ ተሰንጥቆ ዝገት ካወጣ፣ ያ ሳይክል አይነሣም። ልጁ ቢያለቅስም።

ከመነዳሪ ሲበሳ ጥድፊያ ነው ሥራውን የሚያበላሸው። ቀዳዳውን በውሃ ፈልገው፣ አድርቀው በሸካራ ወረቀት ይፈግፍጉት። ማስቲሹን በስሱ ቀብተው ለ5 ደቂቃ ይተዉት፤ ጣት ሲነካው እርጥብ ካልሆነ ነው ልጣፉ የሚጣለው። እርጥቡ ላይ የተለጠፈ ከሁለት ኮረብታ አያልፍም። ከዚያ የጎማውን ውስጥ በእጅ ዳሰው እሾኹን ያውጡ፤ ሁለተኛው መበሳት ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከዚያው እሾህ ነው። በየሰው ሁለት መለዋወጫ ከመነዳሪ፣ በመኪና ላይ ደግሞ ለ10 ሰው 15 ያዝ። ስንቁ ከቤት አይጠፋም፤ በሶ በማር፣ ሙዝ፣ በሰዓት ከግማሽ ሊትር የማያንስ ውሃ ከጨው ቁንጣሪ ጋር።

አንድ ነገር ግን አደራህን፤ ማንም ከአስፋልቱ አይውጣ። ሽንት ለመሽናትም፣ ጥላ ለመፈለግም ቢሆን። ጦርነት ባለፈበት ምድር ያልፈነዳ ነገር ይቀራል፤ በኢፕር ዙሪያ ገበሬው ከመቶ ዓመት በኋላ ዛሬም ሲያርስ ያልፈነዳ የመድፍ ጥይት ያወጣል። የአካባቢውን ሽማግሌዎች ጠይቀህ ደህና ያሉትን ማረፊያ አስቀድመህ ምልክት አድርግበት፤ ለተወዳዳሪውም ለተመልካቹም ንገር።

አሁን የምለምንህ የልጆቹን ሳይክሎች አሰልፈህ በየጎማው ጎን ያለውን ቁጥር በወረቀት ጽፈህ እንድትልክልኝ ነው። 559 ስንት፣ 590 ስንት። ከመነዳሪውን እዚሁ ገዝቼ በአውቶቡስ ሹፌር እልክልሃለሁ።

እማማን ጉልበት ሳምልኝ።

ወንድምህ፣ ከባሕር ዳር