ሰማዩ ነው ወይስ መሣሪያው? (ደብዳቤ ለልጄ)

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽ የኔ እናት? ብርዱ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽም ወገቡን ተሽሎታል።

እሁድ ስትደውዪ ቡናው ገንፍሎብኝ በቅጡ ሳላወራሽ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲህ ግን ከሐሳቤ አልወጣሽም። ጣሪያ ላይ የሰቀላችሁት የኦዞን መለኪያ ሌሊት ሌሊት ዜሮ ገደማ እያሳየ ነው አልሽኝ። ኃላፊሽ ደግሞ "መጥፎ ዳታ ነው፣ ሰርዢው" ብሎሻል። "እማዬ፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?" ብለሽ ጠየቅሽኝ። ይሄ በስልክ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በሳተላይት ኦዞን ስለካ ዕድሜዬን የጨረስኩበት ጥያቄ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ። ዓመቶቹን እንዳያምታቱሽ በፈረንጅ አቆጣጠር አደርጋቸዋለሁ።

ከልጅነቴ ልነሳ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው፣ አዲስ አበባ፣ አያትሽ ቤት። በሰፈራችን ፍሪጅ ያለው ቤት ጥቂት ነበር። የኛው አንድ ቀን ማቀዝቀዝ አቆመ። ሠሪው መጣ፣ ፍሪጁን ከግድግዳው ሳብ አደረገና ከጀርባው ያለችውን ቀጭን የመዳብ ቱቦ በፒንሳ ቆረጣት። ፉስስስ... አለ። እኛ ልጆች ከበን እናያለን። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። "አሮጌው ጋዝ ነው፣ አዲስ እሞላላችኋለሁ" አለን። ሰውየው ምንም አላጠፋም፣ ያኔ በዓለም ላይ ያለ ፍሪጅ ሠሪ ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚያደርገው። በዚያን ጊዜ የቤት ፍሪጅ የሚሞላው ሲኤፍሲ 12 በሚባለው ጋዝ ነበር። ይሄ ጋዝ አየር ላይ በአማካይ 100 ዓመት ያህል ይቆያል። ከአያትሽ ማድ ቤት የወጣው ከግማሽ በላዩ ዛሬም እላያችን ላይ አለ ማለት ነው። ይህን በወረቀት ያሰላሁ ቀን ቢሮዬ ውስጥ ፈዝዤ ቀረሁ። ያ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ጋዙ ቀስ እያለ ስትራቶስፌር ወደሚባለው የላይኛው የአየር ንብርብር ይደርሳል። እዚያ ያለው ኃይለኛ ጨረር ይሰብረውና ክሎሪን ይለቀቃል። ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚጋርደንን ኦዞን የሚበላው እሱ ነው። ደግሞ ስንት ያለን መሰለሽ? ከራሳችን በላይ ያለውን ኦዞን በሙሉ አውርደን መሬት ላይ ብናነጥፈው ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። አንድ እንጀራ እንኳ አይሞላም። እኛ ይህንን 300 ዶብሰን እንለዋለን።

ሳተላይት እንዴት እንደሚለካው ብዙ ጊዜ ነግሬሻለሁ፣ ግን ልጅ ስለነበርሽ ትረሺዋለሽ። የፀሐይ ብርሃን ወደ ታች ይመጣል፣ ከአየሩና ከደመናው ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። ኦዞን አንዳንዱን የአልትራቫዮሌት ሞገድ አብዝቶ ይውጣል፣ አንዳንዱን ብዙም አይነካውም። ሳተላይቱ ሁለቱን ያወዳድራል። ስንት እንደተዋጠ ካወቅሽ ስንት ኦዞን እንዳለ ታውቂያለሽ። ብርሃን ከሌለ ግን መለካት የለም። የደቡብ ዋልታ ክረምት ላይ ስለሚጨልም መስከረም ላይ ፀሐይ እስክትመለስ መጠበቅ ነው።

በጥቅምት 1978 ኒምበስ 7 የሚባለው ሳተላይት ወደ ላይ ሲወጣ ቶምስ የሚባለው የኦዞን መለኪያ አብሮት ወጣ። በ1984 በአሜሪካ የጠፈር ድርጅት በናሳ የጎዳርድ ማዕከል ያሉት ሰዎች የጥቅምት 1983ን ዳታ ሲያዩ በአንታርክቲካ ላይ ከ180 ዶብሰን በታች የሆነ ቁጥር ተደርድሮ አገኙ። እንዲህ ያለ ዝቅተኛ ቁጥር ይመጣል ብሎ የጠበቀ ስላልነበረ ፕሮግራሙ "አጠራጣሪ" የሚል ምልክት ያደርግበት ነበር። ሰው ሁሉ "ኮምፒውተሩ ዳታውን ጥሎት ነበር" ብሎ ያወራል። አልጣለውም! ምልክት አደረገበት እንጂ አስቀምጦታል። ይሄ ወሬ በተነሳ ቁጥር ደሜ ይፈላል፣ ምክንያቱም ትልቁ ትምህርት ያለው ቁጥሩ ባለመሰረዙ ላይ ነው። ቡድኑም ለማመሳከር ደቡብ ዋልታ ላይ ያለውን የምድር ጣቢያ ውጤት ተመለከተ። እዚያ ያለው 300 አካባቢ ይላል። ታዲያ ማንን ታምኛለሽ? ኋላ ላይ ሲጣራ የተሳሳተው የምድሩ ነበር፣ መሣሪያው በተሳሳተ የሞገድ ርዝመት ላይ ተደርጎ ኖሯል።

እነሱ ይህን ሲያጣሩ በግንቦት 1985 እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆ ፋርማንና ሁለት ባልደረቦቹ አንታርክቲካ ላይ ሃሊ ከሚባለው የእንግሊዞች ጣቢያ ያገኙትን አሳተሙ። እዚያ ከ1957 ጀምሮ ሳያቋርጡ ለክተዋል፣ የጥቅምቱ ኦዞን ከ300 ወደ 200 ግድም ወርዷል። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ደግሞ ከሳተላይቱ ቡድን ፓዋን ባርቲያ የሳተላይቱን ምስል ፕራግ ላይ ለጉባኤ አሳየ። የሳሳው አንድ ጣቢያ ላይ ብቻ አልነበረም፣ አህጉሩን በሞላ ነው። በመስከረም 1987 እነዚህን ጋዞች የሚገድበው የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ ብልሽ የፍጥነቱ ነገር ይገርምሻል። ከፕራጉ ጉባኤ ሁለት ዓመት ከአንድ ወር ነው፣ ለመንግሥታት ይሄ እንደ ዓይን ጥቅሻ ነው። ዛሬ የማይመለከተው አገር የለም፣ የኛም አገር አለችበት።

እዚህ ላይ ግን ታሪኩ አያልቅም፣ ለአንቺ የሚጠቅምሽ ክፍል ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ቶምስ ለማወዳደሪያ ፀሐይን የሚያየው በአንዲት ሻካራ የአሉሚኒየም ሰሌዳ በኩል ነበር። ሰሌዳዋ በጨረሩ ብዛት ከዓመት ዓመት እየጠቆረች ሄደች። ሰሌዳዋ ስትጠቁር ስሌቱ ይዛባል፣ ኦዞኑ ከእውነቱ በላይ እየቀነሰ ይመስላል። በ1988 ዳታው እንደገና ሲመረመር መቀነሱ እውነት ሆኖ ተገኘ፣ በሳተላይቱ የታየው መጠን ግን ተጋንኖ ነበር። አየሽ፣ ሰማዩም ተለውጧል፣ መሣሪያውም ተለውጧል። ሁለቱን መለየት ነው ሥራው።

እንዴት እንደለዩት ሳስብ አሁንም ልቤ ይሞላል። አንድ ሰማይ ላይ ሁለት የተለያዩ የሞገድ ጥንዶችን ብትጠቀሚ መልሱ አንድ መሆን አለበት። ሁለቱ እየተራራቁ ከሄዱ ሰማዩ ሁለት ሊሆን አይችልም፣ ጥፋቱ የመሣሪያው ነው። በዚህ መንገድ መሣሪያውን በራሱ ዳታ አረሙት። ከ1989 ጀምሮ ደግሞ ተመሳሳይ መሣሪያ በጠፈር መንኮራኩር ስምንት ጊዜ ወጥቶ ተመለሰ። ከመሄዱ በፊትም ከተመለሰ በኋላም ላቦራቶሪ ውስጥ ይለኩታል። ላይ ያሉት በእሱ ይመሳከራሉ።

እኔ ሥራ የጀመርኩት በ1992 ነው። በዓመቱ ግንቦት ላይ የኒምበስ 7ቱ ቶምስ ዝም አለ። ያን ቀን ቢሮው ለቅሶ ቤት መሰለ፣ ወደ 15 ዓመት ሊጠጋ ነበር እኮ። ሩሲያዎቹ ሳተላይት ላይ የተጫነው ሌላ ቶምስ እስከ 1994 መጨረሻ ቆየልን። ከዚያ በኋላ እስከ ሐምሌ 1996 ድረስ በሰማይ ላይ አንድም ቶምስ አልነበረም። ያንን ክፍተት በሌሎች መሣሪያዎች ዳታ ለመሙላት ስንት ሌሊት እንዳደርኩ አባትሽ ይመስክር። አንቺን ጡት እያጠባሁ በአንድ እጄ ግራፍ የማይበት ጊዜ ነበር።

አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። 1996 ላይ የወጣው መሣሪያ ጥቂት ዓመት ከሠራ በኋላ በኔ ግራፍ ላይ እንግዳ ነገር መጣ። ምድር ወገብ አካባቢ ምንም የለም፣ ወደ ሰሜን በሄድኩ ቁጥር ኦዞኑ ከዓመት ዓመት ይቀንሳል። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ አዲስ ነገር አገኘሁ ብዬ። ጽሑፉን መጀመሪያ ገጽ ድረስ ጽፌው ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ "ከምድር ጣቢያዎቹ ጋር አስተያየሽው?" አለኝ። አላስተያየሁትም ነበር። ሳስተያየው የምድሩ አልቀነሰም። የደከመው የመሣሪያው መስታወት ነበር። ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው። ያን ዳታ ግን አልሰረዝኩትም። ምልክት አድርገንበት፣ ምክንያቱን ጽፈንበት እስካሁን ተቀምጧል።

ከ2004 ወዲህ ሌሎች መሣሪያዎች ወጥተዋል፣ እኛም አንዱን ከአንዱ እየቀጠልን እዚህ ደርሰናል። በ2022 የወጣው ዓለም አቀፍ ግምገማ አገሮች በስምምነቱ ከጸኑ ኦዞኑ በአብዛኛው ዓለም በ2040 ገደማ፣ አንታርክቲካ ላይ ደግሞ በ2066 ገደማ ወደ 1980 ልኩ ይመለሳል ይላል። 2066ን እኔ አላየውም። አንቺ ግን ታዪዋለሽ።

አሁን ወደ ጣሪያሽ እንውጣ። አንቺ የምትለኪው እኔ የማየውን አይደለም። የኔው ከላይ ሆኖ ጋሻ ነው፣ ያንቺው መሬት ላይ ሆኖ ሳንባ የሚጎዳ ነው። ሌሊት ዜሮ ገደማ መውረዱ ግን የግድ ሐሰት ነው ማለት አይደለም! የመኪና ሞተር የሚያወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ ኦዞንን ወዲያው ይበላዋል። ቀን ቀን ፀሐይ መልሳ ትሠራዋለች፣ ሌሊት የሚተካው የለም። ከሕንፃው ሥር ሌሊት ሞተሩን ሳያጠፋ የሚቆም የጭነት መኪና አለ? ጄኔሬተርስ? ጥበቃውን ጠይቂው። ሁለተኛ መለኪያ ተዋሺና አጠገቡ አድርጊው፣ ከሳምንት በኋላ ቦታቸውን አቀያይሪ። ለኃላፊሽም በአክብሮት "ከመሰረዜ በፊት አንድ ሳምንት ይስጡኝ" በዪው።

ቁጥሮቹን እንዳሉ ላኪልኝ፣ ሰዓቱንም ጨምሪበት። እሁድ እደውላለሁ፣ ቡናውን አስቀድሜ አወርደዋለሁ።

እናትሽ