ስኳሩ የት ደረሰ? ግልጽ ደብዳቤ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣

ይህን የምጽፈው ስለ ስኳር ነው። አንድ ቅዳሜ ሰፈራችን ካለው የሸማቾች ሱቅ ደጅ ከንጋት ጀምሬ ተሰለፍኩ። ከፊቴ የነበሩት እናት ፌስታላቸውን አጣጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረዋል። ተራቸው ሲደርስ ሻጩ ልጅ መዝገቡን ዘጋና «እማማ፣ ስኳር አልቋል፤ ዘይት ነው ያለው» አላቸው። «ታዲያ ዘይቱን ሻዬ ውስጥ ልጨምረው?» አሉት። ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የተናደድኩት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

አገዳ ብርቅ የሆነበት አገር አይደለንማ! ወንጂ ስኳር ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም ነው። ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም በነበረው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ደግሞ አሥር አዳዲስ ፋብሪካዎች ተገንብተው ምርቱ በዓመት 2.25 ሚሊዮን ቶን ይደርሳል ተባለ። ተርፎን ወደ ውጭ ልንልክ ነበር። ዕቅዱ ሲያበቃ ስኳር ከውጭ እያስገባን ነበር።

ዕቅዱን ያወጣው መንግሥት ነው። የፋብሪካዎቹ ባለቤት ስኳር ኮርፖሬሽን፣ የመንግሥት። ብዙ ግንባታ የተሰጠው በ2002 ዓ.ም ለተቋቋመው፣ የጦር መኮንኖች ይመሩት ለነበረው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ)፣ እሱም የመንግሥት። አገር ውስጥ ያበደረው ንግድ ባንክ፣ እሱም የመንግሥት። ዕዳው ሲከመር ደግሞ የልማት ድርጅቶችን ዕዳ የሚረከብ ሌላ ኮርፖሬሽን በ2013 ዓ.ም ተቋቋመ። የማን እንደሆነ ገምቱ።

የግል ተቋራጭ ሥራ ቢያጓትት ቅጣት ይቆረጥበታል፤ ዋስትናው ይወረሳል። የግል ባንክ ያበደረው ገንዘብ ሲቀልጥ ባለአክሲዮኖቹ ጉባኤ ላይ ይጮኻሉ። እዚህ ግን የሁሉም አለቃ አንድ ሆነና ነገሩ የአይጥ ምስክር ድንቢጥ ሆነ። የቀረው ጠያቂ የናንተ ምክር ቤት ብቻ ነበር። በ2007ቱ ምርጫ ግን 547ቱንም ወንበር ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወሰዱት። ዛሬም አብዛኞቻችሁ የአንድ ፓርቲ አባላት ናችሁ፤ ይህን የምለው ለስድብ አይደለም።

አሁን ንግድ ባንኩም፣ የስኳር ፋብሪካዎቹም በ2014 ዓ.ም በተመሠረተው፣ የመንግሥት ድርጅቶችን በሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ሥር ናቸው። አበዳሪና ተበዳሪ አንድ ጣሪያ ሥር ገብተዋል። አስተዳደሩ ተሻሽሎ ይሆናል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ጣሪያው ነው።

ስለዚህ ንግድ ባንክ ለመንግሥት ድርጅቶች የሚሰጠው ትልልቅ ብድር ከነውሉ ለናንተ ይቅረብ። የዋና ኦዲተር አስተያየትም አብሮት ይምጣ። ክርክሩም በቀጥታ ይተላለፍ። እኔ አያለሁ፤ ሰልፍ ላይ ከሆንኩም በስልኬ አያለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ