ሲሚንቶው ይቆይ፣ እማ

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽስ? ብርዱ ከገባ ወዲህ ማታ ማታ ይጠዘጥዝሻል አሉኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በስልክ ያልቻልኩትን ነገር ልጽፍልሽ ነው፤ ስልክ ላይ አንቺም «ካርድሽ ይቆጥርብሻል» ብለሽ ትቸኩያለሽ፣ እኔም ያሰብኩትን ሳልጨርስ ይዘጋል። በመሠረተ ትምህርት ዘመን የቆጠርሽው ፊደል ዛሬም ያገለግልሻል፤ መነጽሩ ካስቸገረሽ ግን ልጁ ያንብብልሽ።

«ልጅሽ መሰላል ላይ ወጥታ ቀለም ትቀባለች» ብለው ነግረውሽ ማዘንሽን ሰማሁ። «ወንድ ጠፍቶ ነው ወይስ ገንዘብ አጥታ?» ብለሽ ወንድሜን ጠይቀሽዋል። እማ፣ ሁለቱም አይደለም። እኔ ሥራውን ወድጄው ነው የምሠራው፤ ለምን እንደወደድኩት ደግሞ ከማንም በላይ የሚገባው ለአንቺ ነው።

ይህን ቤት በ20/80 የኮንዶሚኒየም ዕጣ እንዳገኘሁት ታውቂያለሽ። ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች ተለይቶ የወጣ ነበር፤ ስሜ መውጣቱን ስነግርሽ እልልታሽ ከስልኩ አልፎ ጎረቤት ሰምቶታል። ቁልፍ የተረከብነው ግን ላላለቀ ቤት ነው። ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው ያልተቀባ፤ የቀረውን ማስጨረስ የባለቤቱ ፋንታ ነው። ከእኔ በታች ያለች ጎረቤቴ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ቤቷን በገዛ እጇ ስትጨርስ አይቼ ነው የተነሳሁት። ድሪሉ የእሷ ነው፣ መሰላሉ የእኔ፣ ውሃ ልኩን ሌላዋ ጎረቤታችን ገዛች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቤት ቤት እየተዋዋስን እንሠራለን። በጠባብ ኮሪደር ሦስት ሴቶች ሆነን ሴራሚክ ስንለካ ብታዪን ደስ ይልሽ ነበር።

ቀለም ቅብ ሲባል ሰው ቀለሙን ነው የሚያስበው። ሥራው ያለው ግን ከቀለሙ በፊት ነው። የተሰነጠቀውንና የተቦረቦረውን በስቱኮ ትሞያለሽ፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሺዋለሽ፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጊያለሽ። ከዚያ የመጀመሪያውን እጅ ቀለም በውሃ አቅጥነሽ ትቀቢና ግድግዳው ጠጥቶ እስኪደርቅ ትተዪዋለሽ። ሁለተኛው እጅ ነው ቤቱን የሚያበራው። አቧራው ሳይጠረግ፣ የፊተኛው ሳይደርቅ የተቀባ ቀለም ዓመት ሳይሞላው ይላጣል። አንቺስ «ምርጊቱ አንጀቱ ሳይደርቅ ልስን አይገባም» እያልሽ ስንቴ ከግድግዳው አባረርሽን?

የአንቺን ሥራ ሳስብ ነው ይሄ ሁሉ የሚቀለኝ። የጤፉን ጭድ ከአውድማ አስመጥተሽ፣ አፈሩን መርጠሽ፣ ጭቃውን በየቀኑ እያስረገጥሽ ውሃ እየጨመርሽ ታሰነብቺዋለሽ። ጭዱ በስብሶ፣ ሽታው ተለውጦ፣ ጭቃው እንደ ሊጥ እስኪሳብ ድረስ ግድግዳ አታስነኪውም ነበር። ልስኑ ላይ እበትና አመዱን ስንት በስንት እንደምታደርጊ የሚያውቀው መዳፍሽ ብቻ ነው። መደቡን ያወጣሽ፣ ምድጃውን ያበጀሽ አንቺ ነሽ። ጎታውን እርከን በእርከን ነበር የምትሠሪው፤ የታችኛው ሳይጠና የላይኛውን አትጭኚም፣ አፉን ስትዘጊም አይጥ የምትገባበት ቀዳዳ አትተዪም።

እና እስከ ዛሬ ሰው ሁሉ «አባታችሁ የሠራው ቤት» ይለዋል። አንቺም ራስሽ እንደዚያ ትያለሽ። አባዬን ነፍሱን ይማርና ድርሻውን አልቀንስበትም፤ ቋሚውን አቁሟል፣ ማገሩን ማግሯል፣ ቆርቆሮውን መትቷል። ግን እማ፣ ቋሚና ማገር ብቻውን ነፋስም አይመልስ። ብርዱን የከለከለልን፣ እህሉን ከነቀዝ የጠበቀልን፣ ያስተኛን የአንቺ እጅ ነው። ይህን ሳትሰሚው እንዳትቀሪ እፈልጋለሁ።

«ሰው ምን ይላል» ላልሽው፣ አውራ አምባ እኮ ከእናንተ ከሊቦ ከምከም ሩቅ አይደለም፤ ፎገራ ነው። እዚያ ወንዱ ሲፈትል፣ ሴቷ ሞፈር ይዛ ስታርስና ሸማ ስትሠራ አገር ያውቃል። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. ማኅበሩን ሲጀምር ብዙ ተነቅፏል፤ ዛሬ ሰው ከሩቅ አገር ሊያየው ይሄዳል። ሐረር ለሥራ የሄድኩ ጊዜም የጀጎል ውስጥ ቤቶችን አይቻለሁ። መደባቸው ቀይ ነው፣ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በስፌት የተሸፈነ፤ የሚሰፉትም ሴቶች ናቸው። እንግዳ ሲመጣ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። የአንቺ ሰፌዶች ግን ጓዳ ተሰቅለው ጭስ ጠጡ፤ ይህ ያናድደኛል።

የምፈራውን ደግሞ አልነካም፣ አትስጊ። ከቆጣሪ የሚመጣውን መስመር ኤሌክትሪሺያን ነው የሚሠራው፤ እኔ አምፖልና የቧንቧ ጎሚኒ ነው የምቀይረው። መደርደሪያ ስሰቅልም ብሎኬቱ ውስጡ ክፍት መሆኑን አውቄ ነው፤ ብሎን የሚይዘው ፕላስቲክ፣ ፊሸሩ፣ አጭር ከሆነ እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ይሽከረከራል እንጂ አይዝም፤ ከባድ ነገር የሚሰቀለው የኮንክሪት ምሰሶው፣ ኮለኑ ላይ ነው። ወንበሮቼንም መርካቶ ምናለሽ ተራ አሮጌ አግኝቼ ራሴ ጨርቅ አልብሻቸዋለሁ። ስትመጪ ትቀመጪባቸዋለሽ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ወንድሜ ቤቱን በሲሚንቶ ላስለስንላት ብሎ ገንዘብ እንዳዘጋጀ ነገረኝ። ልቡ ቀና ነው፣ እግዚአብሔር ይስጠው። ግን እማ፣ ሲሚንቶው ይቆይ። የጭቃ ግድግዳ በክረምት እርጥበት ይጠጣል፣ በበጋ መልሶ ያወጣዋል፤ በዚያው ልክ ያብጣል ይኮማተራል። ሲሚንቶ አብሮት አይንቀሳቀስምና ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው ውሃ ደግሞ መውጫ የለውም፤ ጭቃውን ከውስጥ ያርሰዋል፣ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። መጨረሻ ሲሚንቶው ሲወድቅ ጭቃውን ይዞት ይወርዳል። ግድግዳሽን ከታች እየበላው ያለው ከጣራው የሚወርደው ውሃ መሬት ነጥሮ የሚረጨው ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ለአሸንዳ ይዋል፤ ከተረፈ በግድግዳው ሥር ድንጋይ እናስነጥፍበታለን። ምርጊቱን እኔና ልጆቹ እንሠራዋለን።

ሌላም አለ። ሽንት ቤቱ ላይ ስትነሺ የምትይዢው ነገር የለሽም፤ ሌሊት ስትወጪ ነው የምፈራልሽ። መያዣ ብረት አመጣለሁ፤ ብረቱ ጭቃው ላይ ቢመታ ግን በሁለተኛው ቀን ይነቀላል፣ የግድ ከቋሚው እንጨት ላይ መያዝ አለበት። ቋሚዎቹ የት የት እንዳሉ ከአንቺ በቀር የሚያውቅ ሰው አልቀረም። ግድግዳውን እያንኳኳሽ ታሳዪኛለሽ፣ እኔ በከሰል ምልክት አደርጋለሁ። የደጁን ደረጃም ዝቅ አድርገን ሁለት እናደርገዋለን፤ አሁን ያለው ለጉልበትሽ ከፍ ይላል።

ስፌቱንም እንዳትረሺው። ልጅ ሳለሁ ስንደዶ ለቀማው ደስ ይለኝ ነበር እንጂ ለወስፌው ትዕግሥት አልነበረኝም፤ አሁን አለኝ። መስከረም ያስለቀምሽው ስንደዶ ካለሽ አስቀምጪልኝ፤ አክርማውን ቀለም የምናስነክረው አብረን ይሁን። ዓይንሽ እንደ ድሮው እንደማያይልሽ ነግረሽኛል። መነሻውን ብቻ ጠቅልለሽ ጀምሪልኝ፤ እሱ ነው ለእኔ የሚከብደኝ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ቆጠራ እየነገርሽኝ እሰፋዋለሁ።

መንገዱ ሰላም ከሆነ ለጥምቀት እመጣለሁ፤ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ጤፉ እንደተወቃ ጭዱን አስቀሪ፣ ለከብት ሳይሰጥ። ጭቃው እኔ እስክደርስ እንዲሰነብት ከአሁኑ ይጀመር፤ ግን አንቺ አትርገጪው፣ ልጆቹን እዘዢያቸው። ፒንሳ፣ ሜትርና ውሃ ልክ ከዚህ ይዤ እመጣለሁ፤ አካፋና ባልዲ ከጎረቤት ተዋሽልኝ። መሰላሉ ያለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው አይደል? አስቀድመሽ አስጠይቂ፣ ለበዓሉ ሌላ ሰው እንዳይወስደው።

ለወንድሜ ዛሬ ማታ እደውላለሁ። ሲሚንቶ ልግዛ ካለሽ ግን እኔ ሳልደርስ እሺ እንዳትይው።

አክባሪሽ፣
ልጅሽ