ውኃውን ለጊዜው ተወው

ልጄ፣

ትናንት በስልክ ካክተስህ ዘንበል ማለቱን፣ ሥሩም ከመትከያው ቀዳዳ ብቅ ማለቱን ነገርከኝ። «ወደ ሰፊ መትከያ አዛውረውና ውኃ አጠግበዋለሁ» ብለህ ዘጋህ። ማዛወሩ ደግ ሐሳብ ነው። ውኃው ግን እንቅልፍ ነሣኝ።

ልጅ ሳለህ መስኮቱ ሥር የነበረውን ክብ ካክተስ ታስታውሰዋለህ? ፀሐይ አቃጠለው ብዬህ ነበር። ዋሽቼሃለሁ፤ የገደልኩት እኔ ነኝ። አዲስ አፈር ሰጥቼ፣ ደክሞታል ብዬ አዝኜለት፣ በዚያው ዕለት ውኃ አጠጣሁት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግርጌው ጠቁሮ ስነካው ጣቴ ሰመጠበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲነቀል፣ የቱንም ያህል ብትጠነቀቅ፣ ቀጫጭን ሥሮቹ ይበጣጠሳሉ። እርጥብ አፈር ውስጥ ሲገቡ ብስባሴ በቁስሉ በኩል ይገባል። በደረቅ አፈር ከ7 እስከ 10 ቀን ከቆየ ግን ቁስሉ ይጠግጋል። ይጠማዋል ብለህ አትሥጋ፤ ግንዱ ራሱ የውኃ ጎተራ ነው። ከማዛወርህ በፊትም ለጥቂት ቀናት ውኃ ከልክለው፤ የደረቀ አፈር ከሥሩ በቀላሉ ይራገፋል። አሁን አብቦ ከሆነ ደግሞ አበባው እስኪረግፍ አትንካው።

መትከያው ሰፊ ይሁን ያልከውንም አልተቀበልኩትም። ልጅ ያድግበታል ተብሎ በሰፊው እንደሚሰፋ ልብስ አይደለም። ከአሁኑ ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ቢሰፋ በቂ ነው፤ ሥር ያልደረሰበት አፈር ውኃ አቁሮ ይቀመጣል። ግርጌው ቀዳዳ ይኑረው እንጂ ጠጠር አታንጥፍበት። እኔም ለዓመታት አነጥፍ ነበር። ውኃ ግን ከላይ ያለው ደቃቅ አፈር ጠግቦ እስኪሞላ ድረስ ወደ ጠጠሩ አይወርድም፤ ስለዚህ ጠጠሩ እርጥበቱን ወደ ሥሩ ከፍ ከማድረግ በቀር የፈየደው ነገር አልነበረም። አፈሩን ራሱን አቅልለው፤ ግማሹ የአበባ አፈር፣ ግማሹ ሻካራ አሸዋ። የባሕር አሸዋ ጨው አለበት፣ ደቃቁ ደግሞ ተጣብቆ ይጠጥራል።

ለመያዣ ጋዜጣ ደራርበህ አጥፍና እንደ መቀነት አዙርበት፤ ሁለቱን ጫፎች ጨብጠህ ታነሣዋለህ። ወፍራም ጓንትም አድርግ። የረጃጅሙ እሾህ ክፋት በግልጽ ነው። እንደ በለስ ጠፍጣፋ የሆነው ዓይነት ግን ዓይን የማይለየው፣ ጫፉ ወደኋላ የዞረ ብናኝ እሾህ አለው። ከወጋህ አትሸው፤ ተለጣፊ ፕላስተር ለጥፈህ ንቀለው፣ የቀረውን በወረንጦ።

ሥሩን ስታይ ጠንካራው ደህና ነው፤ ጠቁሮ የላላውን በንጹሕ ቢላዋ ቁረጠው። ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካየህ ተባይ ነው፤ አሮጌውን አፈር በሙሉ አራግፈህ ጣልና ሥሩን እጠበው። ብዙ ከቆረጥክ ወይም ካጠብክ ያለ አፈር ጥላ ውስጥ ለቀናት ይድረቅ። እዚህ ላይ ነው አንጀትህ የሚጨክነው። ነጭ ወተት ከፈሰሰው ግን ምናልባት ካክተስ ሳይሆን የቁልቋል ወገን ይሆናል። ወተቱ ዓይን ያቃጥላል፤ እጅህን ሳትታጠብ ፊትህን እንዳትነካ።

ስትተክለው ጥልቀቱ እንደ ቀድሞው ይሁን። ዘንበል አለ ብለህ ግንዱን አትቅበረው፣ ይበሰብሳል፤ ሥር እስኪይዝ በድንጋይ ደግፈው። ፀሐይ ያየው የነበረውን ጎንም ምልክት አድርግበት፤ ጥላ የለመደውን ጎን በድንገት ብታዞርበት ይቃጠላል።

እናትህ ስለ ካክተስ አመካኝታ ስለ አንተ ከቤት መውጣት እየጻፈች ነው ብለህ እንዳታስብ። ስለ ካክተስ ነው የምጽፈው።

ቀኑ ሲሞላ ውኃው በቀዳዳው እስኪወጣ አጠጣውና ሳህኑ ላይ የቀረውን ድፋው። ከዚያ በኋላ አፈሩ እስከ ታች ሳይደርቅ አትድገመው። እስከዚያው ድረስ የማጠጫውን ጣሳ ከዓይንህ አርቀው። እኔ ባለፈው ሳዛውር አልጋ ሥር ነው የደበቅኩት፤ ሁለት ጊዜ ጎንበስ ብዬ ፈልጌዋለሁ።

እናትህ